ታምቡር ፍሬን እና የሐረጎ ቁልቁለት

እንደሚታወቀው ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ግን በሐረጎ አድርጎ 600 ሜትር ገደማ ይወርዳል። 10 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ 59 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል፤ 175 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ሞተሩ ካልያዘው፣ አብዛኛው ሙቀት ፍሬኑ ላይ ያርፋል።

ታምቡር ፍሬን የሚይዘው ሸራው ወደ ውጭ ተገፍቶ ከታምቡሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ የሸራውም የመያዝ አቅም ይቀንሳል። ፔዳሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ጋራዥ ውስጥ ደህና የነበረ ፍሬን ቁልቁለት ላይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ታምቡሩን ፈትተን የሸራውን ውፍረት፣ የዘይት ፍሳሽና ስንጥቅ እንይ።
2. ግራና ቀኙን እኩል እናስተካክል፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።
3. የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በጊዜው ይቀየር፤ እርጥበት የያዘ ዘይት ቶሎ ይፈላል።
4. የሸራ ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በአየር አይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ለሾፌሩም ይነገር፦ ከባድ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።