ለበሽተኞች የተሠራች ቤተ ክርስቲያን

አንድ ቀን ማታ ስለ ቤት አሠራር ስናነብ አንድ አዛውንት ተማሪያችን፣ «ቤተ ክርስቲያን ለምን ሁልጊዜ ከፍታ ላይ ይሠራል?» ብለው ጠየቁን። አንዳችን ለጸጥታ ነው አልን፤ አንዳችን ከሩቅ እንዲታይ ነው አልን። አዛውንቱ ግን አልረኩም። እኛም በኋላ ስንወያይ፣ ከፍታ ላይ የወጣችበት ምክንያት ከነዚህ ሁሉ የተለየ አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለችን። ያየናት በሥዕል ብቻ ነው፤ ታሪኳ ግን ሊነበብ የሚገባው ነው።

ቦታው ፈረንሳይ አገር፣ ኦት ሳቯ በሚባለው ክፍል፣ አሲ የተባለ አምባ ነው። ከፊት ለፊቱ የሞንብላን ተራራ ተገትሯል። ሞንብላን ከ4,800 ሜትር በላይ ስለሆነ የኛን ራስ ዳሽን ይበልጠዋል። አምባው ራሱ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያህል ነው። እኛ ዘንድ ቢሆን ቆላ ይባል ነበር! እዚያ ግን አገሩ ከምድር ወገብ የራቀ በመሆኑ በብርዱ ወራት መሬቱን በረዶ ይሸፍነዋል።

ታዲያ ሰው እዚያ ምን አወጣው? የሳንባ ነቀርሳ ነው፤ ቲቢ የምንለው። የበሽታው ተሐዋስ በ1882 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢታወቅም ገዳይ መድኃኒት አልተገኘለትም ነበር። ሐኪሞች የሚያዙት ንጹሕ አየር፣ ፀሐይ፣ ጥሩ ምግብና ረጅም ዕረፍት ነበር። ስለዚህ በአሲ አምባ ሳናቶሪየም የሚባሉ የሳንባ በሽተኞች ሆስፒታሎች ተሠሩ። በሽተኛው ፀሐይ በሚገባበት ሰገነት ላይ ተጋድሞ ወራት፣ አንዳንዱም ዓመታት ይቆይ ነበር። ከነዚህ አንዱ ሳንሰልሞዝ ይባላል። ሬዲየምን ያገኘችው ማሪ ኩሪ በ1934 ያረፈችው እዚያ ነው፤ እርሷን የገደላት ግን ቲቢ ሳይሆን የደም በሽታ ነው።

በሳንሰልሞዝ በሽተኞቹን የሚያጽናና ዣን ደቬሚ የሚባል ቄስ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጸልይበት በቂ ቦታ አለመኖሩን አይቶ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ ተነሣ። ንድፉን የሠራው የዚያው አካባቢ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ሞሪስ ኖቫሪና ነው። ሥራው የተጀመረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሲል ነበርና ተጓተተ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የተባረከችው በ1950 ነው። ስሟ በአማርኛ «የጸጋ ሁሉ እመቤታችን» እንደማለት ነው።

አሠራሯን እንመልከት። ኖቫሪና ከተራራው ጋር መፎካከር አልፈለገም። ከሞንብላን ፊት ምን ያህል ቢረዝሙ ይታያል? ሕንፃውን ዝቅ፣ ሰፋ፣ ደልደል አድርጎ በአካባቢው ድንጋይ ሠራው፤ ቀጭንና ረጅም የሆነው የደወሉ ማማ ብቻ ነው። ጣሪያው እንደ ተራራው ገበሬ ቤት ጣሪያ ሰፊ ሆኖ ከግድግዳው አልፎ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተከመረ በረዶ ከባድ ስለሆነ ወራጁና ምሰሶው ጠንካራ መሆን አለበት፤ ክዳኑም ወደ ውጭ ካልወጣ የሚቀልጠው ውሃ ግድግዳውን ይበላዋል። የኛም ጎጆ ክዳን ከግድግዳው አልፎ የሚወርደው ዝናቡ ምርጊቱን እንዳያጥበው አይደል? የሳቯ ገበሬና የኛ ገበሬ ሳይተዋወቁ አንድ ብልሃት አግኝተዋል። በደጁ ወፋፍራም የድንጋይ ዓምዶች ጣሪያውን ይደግፋሉ፤ ከነሱ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ደግሞ በሞዛይክ፣ ማለት በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠር በተሠራ ሥዕል፣ ደምቋል። ያን ግራጫ ድንጋይ አይቶ ወደ ደጁ የተጠጋ ሰው ቀዩና ሰማያዊው ድንገት ይገጥመዋል።

ሞዛይኩን የሠራው ፌርናን ሌዤ ነው። ሌዤ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበር። ነገሩ ያስገርማል። የደቬሚ አማካሪ የነበረው የዶሚኒካን መነኩሴ ማሪ አለን ኩቱሪዬ ግን፣ ተሰጥኦ ከሌለው አማኝ ይልቅ ተሰጥኦ ያለው የማያምን ይሻላል ባይ ነበር። እናም የዘመኑን ታላላቆች ጠሩ። ሩዖ የመስኮቱን ባለቀለም መስተዋት ነደፈ፤ ሉርሳ ትልቅ የግድግዳ ምንጣፍ ሠራ፤ ከ1941 ቀዶ ሕክምናው ወዲህ ራሱ በሽተኛ የነበረው ማቲስ ቅዱስ ዶሚኒክን በቢጫ ሸክላ ላይ በጥቁር መስመር ብቻ ሣለው። አይሁዳዊው ሻጋልም በኋላ የጥምቀቱን ክፍል ግድግዳ የቀይ ባሕር መሻገር አድርጎ ሠርቶ፣ ሥራው ለሃይማኖቶች ሁሉ ነፃነት መሆኑን ጻፈበት።

ጠቡን ያመጣው ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። ዤርሜን ሪሺዬ የምትባል ቀራፂ ለመንበሩ የነሐስ ስቅለት ሠራች። ገላው ከመስቀሉ ጋር አንድ ሆኖ የበሰበሰ ግንድ ይመስላል፤ ፊቱ አይለይም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ላይ መልክና ውበት እንደሌለው የተነገረለትን ሰው ይዛ ነው የቀረፀችው። ታዲያ በ1951 መጀመሪያ ከአሲ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች «ይህ ስድብ ነው» ብለው ጽሑፍ በተኑ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ጳጳሱ ከመንበሩ እንዲነሣ አዘዘ። በሽተኞቹ ምን አሉ? እነሱ እንኳ አልተቀየሙም ነበር። የመነመነው ገላ የራሳቸው ገላ ነውና ያውቁታል፤ ያዘኑት ሲወሰድባቸው ነው። እኛ እንደሚመስለን ጳጳሱ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት እነሱን ነበር።

በዚያው ጊዜ ስትሬፕቶማይሲንና ሌሎች መድኃኒቶች ስለመጡ የሳንባ በሽተኛ ተራራ መውጣቱ እየቀረ ሄደ፤ ሳናቶሪየሞቹም ቀስ በቀስ ተዘጉ ወይም ለሌላ ሕክምና ዋሉ። የሪሺዬ ስቅለት ወደ መንበሩ የተመለሰው ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሲመለስ ከሚያውቁት በሽተኞች አብዛኞቹ አምባው ላይ አልነበሩም።