ምዕራፍ 7፦ ትራንዚስተሩን ሳይሆን ሬዚስተሮቹን እመኑ

ከማይክሮፎን የሚወጣው ሲግናል ጥቂት ሚሊ ቮልት ቢሆን ነው፤ ስፒከር አያንቀሳቅስም። ለማጉላት በብዛት የሚሠራበት ኮመን ኤሚተር የሚባለው አሠራር ነው። ሲግናሉ በቤዝ ይገባል፣ በኮሌክተር ይወጣል፤ ኤሚተሩ የሁለቱ የጋራ ነው።

ኤንፒኤን ትራንዚስተር ቤዙ ከኤሚተሩ በ0.65 ቮልት ገደማ ካልበለጠ አይከፈትም። ደካማ ሲግናል ብቻውን ቢሰጡት ዝም ይላል። ስለዚህ አስቀድሞ ከፈት አድርጎ ማቆየት ግድ ነው፤ ባያስ ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው።

አቋራጭ የሚወዱ ከፖዘቲቩ ወደ ቤዝ አንድ ትልቅ ሬዚስተር አስረው ይገላገላሉ። አልመክርም። ቢሲ 547 ከሚባሉት ትራንዚስተሮች አንዱ ከረንትን 110 ጊዜ፣ ሌላው 800 ጊዜ ሊያበዛ ይችላል። ለአንዱ የተሰላው ለሌላው አይሆንም፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

የሚሻለው በሁለት ሬዚስተሮች ቮልቴጁን ማካፈል ነው። 12 ቮልት ይዘን ከላይ 47 ኪሎ ኦም፣ ከታች 10 ኪሎ ኦም ብናስር ቤዙ ላይ 2.1 ቮልት ገደማ ይቆማል። 0.65 ሲቀነስ ለኤሚተሩ 1.45 ይተርፋል። ከኤሚተሩ ወደ ግራውንድ 1.5 ኪሎ ኦም ካለ፣ የሚያልፈው ከረንት 1 ሚሊ አምፒር ያህል ነው። ልብ በሉ፤ 110 ይሁን 800 ማንም አልጠየቀንም! ሙቀት ከረንቱን ልጨምር ቢል የኤሚተሩ ቮልቴጅ ከፍ ይላል፣ ከቤዙ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል፣ ትራንዚስተሩም ራሱን ይገታል።

ኮሌክተሩ ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ስናስር 4.7 ቮልት እዚያ ይቀራል፤ ኮሌክተሩ 7.3 ላይ ይቆማል። ወደ ላይም ወደ ታችም መወዛወዣ ቦታ አለው። ቤዙ ሲወጣ ከረንቱ ስለሚጨምር ኮሌክተሩ ይወርዳል፤ ሲግናሉ ተገልብጦ ይወጣል፣ ጆሮ ግን ልዩነቱን አያውቀውም።

ማጉላቱ 4.7 ለ1.5 ሲካፈል ነው፤ 3 እጥፍ ብቻ። በኤሚተሩ ሬዚስተር ጎን 100 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ሲታሰር ሲግናሉ የሚያገኘው የትራንዚስተሩን የውስጥ 25 ኦም ብቻ ስለሚሆን፣ ቀጣይ ጭነት ከሌለ ወደ 190 እጥፍ ይደርሳል። ዋጋው መዛባት ነው፤ ከጥቂት ሚሊ ቮልት በላይ ካስገቡበት ድምፁ ይበላሻል።

ሲግናል ከመስጠታችሁ በፊት ኮሌክተሩን በቴስተር ለኩ። 12 ቮልት ካሳየ ትራንዚስተሩ አልተከፈተም፤ መጀመሪያ 47 ኪሎ ኦሙን ፈትሹ። ከኤሚተሩ ጋር ሊስተካከል ከቀረበ ደግሞ 10 ኪሎ ኦሙ በደንብ አልተበየደ ይሆናል።