ከወንዙ ማዶ የነበረው ዝግ መንግሥት፦ ማህዲያ፣ ሃይማኖቱና ጎረቤቱ

በበረሃ መካከል በሩን ዘግቶ፣ በራሱ እምነትና በራሱ ሕግ ብቻ የሚኖር ግዛት በተረትና በፊልም ሳታዩ አትቀሩም። እንዲህ ያለ መንግሥት ግን በእውነትም ነበረ፤ ያውም ከእኛ ብዙ ሳይርቅ። ዋና ከተማው ከካርቱም የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግረን የምንገባባት ኦምዱርማን ነበረች። ሱዳኖች ዘመኑን «ማህዲያ» ይሉታል። በእኛ አገር ደግሞ አያቶቻችን ሰዎቹን «ድርቡሽ» እያሉ ያስታውሷቸዋል። እነርሱ ራሳቸው ግን በዚህ ስም መጠራት አይወዱም ነበር፤ መሪያቸው ተከታዮቹን «አንሷር» ማለትም ረዳቶች ብሎ ሰይሟቸዋል።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገር እናያለን፦ መንግሥቱ እንዴት እንደ ተነሣ፣ ሃይማኖቱ በሩን እንዴት እንደ ዘጋው፣ መዘጋቱም ለሱዳንና ለኢትዮጵያ ምን እንዳስከፈለ። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አነሣሡ

ከ1821 ጀምሮ ሱዳንን የገዛው የግብፅ መንግሥት ነበር። ሹማምንቱ ቱርክኛ ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ ሕዝቡ ዘመኑን «ቱርኪያ» ይለዋል። ግብሩ ከባድ ነበር፤ የሚሰበሰበውም በጅራፍ ነበር። በዚህ ምሬት መካከል በ1844 በዶንጎላ አጠገብ ከጀልባ ሠሪዎች ቤተሰብ የተወለደው ሙሐመድ አሕመድ የሚባል የሃይማኖት ሰው ተነሣ። በነጭ ዓባይ ላይ ባለችው በአባ ደሴት ሲያስተምር ቆይቶ ሰኔ 1881 ላይ «ማህዲ እኔ ነኝ» ብሎ አወጀ። ማህዲ ማለት በብዙ ሙስሊሞች እምነት በዘመን ፍጻሜ መጥቶ ምድርን በፍትሕ ይሞላል ተብሎ የሚጠበቅ መሪ ነው።

ሊይዙት የተላኩት ወታደሮች ተሸነፉ። ኅዳር 1883 በእንግሊዛዊው ሂክስ ፓሻ የሚመራ 10 ሺህ ያህል ጦር ሸይካን ላይ ተደመሰሰ። ጥር 26 ቀን 1885 ካርቱም ተያዘች፤ ጀኔራል ጎርደንም ተገደለ። ይሁን እንጂ ማህዲው ከድሉ በኋላ አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ሰኔ 1885 ኦምዱርማን ውስጥ ሞተ። ሥልጣኑን ኸሊፋ አብዱላሂ ወርሶ 13 ዓመት ገዛ።

ሃይማኖቱ በሩን እንዴት ዘጋው?

ማህዲው የመጣው አንድነትን ለማምጣት ነበር። ሰዎች በአራቱ የእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶችና በልዩ ልዩ ጠሪቃዎች እንዳይከፋፈሉ ሁሉንም አስቀረ። የቀደሙት የሕግና የነገረ መለኮት መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዘዘ። ትምባሆን ከለከለ፤ የጥሎሽን ብዛት ቀነሰ፤ ሀብታሙም ድሃውም የተጣጣፈ ጅባ እንዲለብስ አደረገ። ድሃው ሕዝብ ይህን በደስታ ተቀበለው፤ ልብሱ ከሹሙ ልብስ ጋር አንድ ሆኖለታልና።

ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ግን በእምነቱ መሠረት ላይ የመጣው ነው። በሸሃዳው ላይ ሙሐመድ አሕመድ የአላህ ማህዲ መሆኑን የሚመሰክር ቃል ተጨመረ። የሐጅን ቦታ ጂሃድ ወሰደ። በኸሊፋው ዘመን ወደ መካ መሄድ ተከልክሎ በምትኩ የማህዲው መቃብር መሳለሚያ ሆነ። በሌላው ዓለም ያሉ የእስልምና ሊቃውንት ይህን አልተቀበሉትም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሐጅ ለአንድ ሙስሊም የአምልኮ ግዴታ ነው። ከዚህም ሌላ በዚያ ዘመን የወሬ፣ የመጽሐፍና የንግድ መንገድ ነበር። ወደ መካ የሄደ ሰው ከሞሮኮም ከሕንድም የመጣ ሰው ያገኛል፤ ዓለም ምን ላይ እንዳለች ሰምቶ ይመለሳል። ያ መንገድ ሲዘጋ መጽሐፉም ሲቃጠል፣ ኦምዱርማን ስለ ውጭው ዓለም የምትሰማው እየቀነሰ ሄደ።

ኸሊፋው ከውጭ ነገሥታት ጋር ጨርሶ አልተጻጻፈም ማለት አይደለም። በ1887 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ለግብፁ ኸዲቭና ለቱርኩ ሱልጣን ደብዳቤ ልኮ ነበር። ደብዳቤዎቹ ግን የማህዲውን ጥሪ ተቀብላችሁ ግቡ የሚሉ እንጂ ስምምነት የሚፈልጉ አልነበሩም።

የኢትዮጵያ ጎረቤትነት

በ1884 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ዐድዋ ላይ ውል ተዋዋሉ። በማህዲው ጦር የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያ በአንሷሮቹ ዓይን የጠላት ወገን ሆነች። በ1885 ራስ አሉላ ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ጦር አሸነፉ።

እውነቱን ለመናገር የሃይማኖት በር የተዘጋው በሱዳን በኩል ብቻ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስም ከ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አስገድደው ነበር። ይህም በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረውን ቂም አባሰው።

ጥር 1888 የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ተማርኮ ወደ ሱዳን ተወሰደ።

ቢሆንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነበር፦ እኛ ብንዋጋ የሚያልቀው የሁለታችን ድሃ ነው፤ የሁለታችንም ጠላት አውሮፓውያን ናቸው፤ ስለዚህ እንስማማ። መልሱ ስድብና እስልምናን ተቀበል የሚል ጥሪ ሆነ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ጦርነት ሆነ። የኢትዮጵያ ጦር ወደ ድል ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፤ ሠራዊቱ ተፈታ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ማን ተጠቀመ?

ኢጣሊያ በዚያው ዓመት ከረንንና አሥመራን ያዘች፤ በ1890 መጀመሪያም ኤርትራ የሚባል ቅኝ ግዛት አወጀች። በ1894 ደግሞ ከሰላን ከኸሊፋው እጅ ወሰደች። ነሐሴ 1889 ወደ ግብፅ የዘመተው የኸሊፋው ጦር ቱሽኪ ላይ ተደመሰሰ። ሁለቱ ሕዝቦች በተመሳሳይ ጊዜ ረሃብ መታቸው። እኛ «ክፉ ቀን» የምንለው ዘመን በሱዳን «ሰነት ሲታ» ማለትም ስድስተኛው ዓመት ይባላል፤ በሂጅራ አቆጣጠር 1306 ስለ ነበረ ነው። በሱዳን ኸሊፋው የራሱን ጎሣ ታዓይሻዎችን ከዳርፉር አስነሥቶ ኦምዱርማን ማስፈሩ የእህሉን እጥረት አባሰው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዐድዋ ላይ ኢጣሊያን አሸነፈች። በዚያው ወር እንግሊዝ ጦሯን ወደ ዶንጎላ አንቀሳቀሰች፤ አንዱ ምክንያቷም ከሰላ ላይ ለተጨነቁት ኢጣሊያኖች ፋታ መስጠት ነበር። ያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክና ኸሊፋው መልእክተኞች ተለዋወጡ፤ ንግግራቸውም ወዳጅነት ነበረው። ዐፄ ዮሐንስ የጻፉት አሳብ ትክክል መሆኑ ታየ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1898 ከረሪ ላይ በአንድ ጠዋት 10 ሺህ ያህል አንሷሮች በመትረየስና በመድፍ አለቁ። ከእንግሊዝና ከግብፅ ወገን የሞቱት 50 እንኳ አይሞሉም። የማህዲው መቃብር ጉልላት በመድፍ ፈረሰ፤ ዛሬ የምናየው በ1947 እንደ ገና የተሠራው ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በር መዝጋት ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም። የእኛው ዐፄ ፋሲልም በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያንን አስወጥተው አውሮፓውያን እንዳይገቡ ከልክለዋል፤ ብዙ ደም ያፈሰሰ የሃይማኖት ጠብ አይተው ነበርና። ኸሊፋውም የሚፈራው ነበረው፤ የፈራው ጦር በመጨረሻ መጥቶበታል።

ነገር ግን በሩን በጦር ላይ መዝጋትና በደብዳቤ ላይ መዝጋት አንድ አይደለም። በ1888 የመጣው ደብዳቤ የጠላት ጦር አልነበረም፤ የጎረቤት ምክር ነበር። ላኪው የሌላ ሃይማኖት ሰው ስለ ሆነ ብቻ ምክሩ ሳይመዘን ቀረ። ዋጋውን የከፈሉት ያን ደብዳቤ ያላዩት ናቸው፦ የደምቢያ ገበሬ፣ የገዚራ እናት፣ መተማና ከረሪ ላይ የወደቀው ወጣት።

እኛ የምንኖረው የእነዚያ የሁለቱ ወገኖች ልጆች በአንድ ሰፈር በሚኖሩባት ከተማ ነው። ታሪኩን በቤታችን ስንናገር የሰማነው በአንድ ወገን ብቻ ሊሆን ይችላል። ወላጆች ስለ መተማ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ ስለ ከረሪም ንገሯቸው። ተማሪዎችም ሱዳናዊ ጓደኞቻችሁ ያንን ዘመን ከአያቶቻቸው እንዴት እንደ ሰሙት በትሕትና ጠይቁ።

ለውይይት

1. ሐጅ መከልከሉ ከአምልኮው ሌላ ምን አሳጣ?
2. አቡ አንጃ ደብዳቤውን ቢቀበል ኖሮ ከ1889 በኋላ ምን ሊለወጥ ይችል ነበር? ምክንያታችሁን ስጡ።
3. የቦሩ ሜዳን ውሳኔና የኸሊፋውን ትእዛዝ አወዳድሩ። በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
4. ከወላጆቻችሁ ወይም ከጎረቤት አዛውንት ስለ «ክፉ ቀን» ወይም ስለ «ሰነት ሲታ» የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለክፍላችሁ አንብቡ።