በር የሚያንኳኳው ሠራተኛ ምን ማወቅ አለበት?

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሕፃናት ጥበቃን፣ በአጭሩ ሲፒኤስን፣ በሚገባ ያውቁታል። «ሲፒኤስ ይመጣብሃል» የሚለው ማስፈራሪያ በየቤቱ ይሰማል። ለአዋቂዎች የቆመውና አደልት ፕሮቴክቲቭ ሰርቪስስ፣ በአጭሩ ኤፒኤስ የሚባለው አገልግሎት ግን ብዙም አይወራለትም። በዋሽንግተን ዙሪያ በነርሲንግ ሆም፣ በግሩፕ ሆምና በሆም ኬር አዛውንቶችን የሚንከባከቡ፣ እናት አባታቸውንም አስመጥተው የሚጦሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ስለሆኑ ጉዳዩ የእኛም ነው። ስለዚህ ሳንቸኩል አንድ በአንድ እንየው።

በመጀመሪያ፣ ኤፒኤስ የሚጠብቀው ማንን ነው? መልሱ እንደየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያን እንውሰድ። እዚያ ሕጉ ዕድሜያቸው 60 የሞላቸውን ሁሉ፣ እንዲሁም 18 ዓመት ሞልቷቸው በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ ያልቻሉትን ይሸፍናል። የሚጠበቁትም ከድብደባና ከወሲባዊ ጥቃት፣ ጧሪያቸው ቸል ከማለቱ፣ ገንዘብና ንብረታቸውን ከመበዝበዝ ነው። አንባቢ የማይጠብቀው ደግሞ አንድ አለ፤ ሰው ራሱን ሲጥል። ምግብ የተዉ፣ ሐኪም ቤት አልሄድም ያሉ፣ ቤታቸው መግቢያ እስኪያጣ በቆሻሻ የተሞላባቸው አዛውንት በዳይ ባይኖራቸውም የኤፒኤስ ጉዳይ ናቸው። እንዲያውም በመላ አሜሪካ ወደ ኤፒኤስ ከሚመጡት ጥቆማዎች በብዛት ቀዳሚው ይኸው ራስን መጣል ነው። ይህን መያዝ ይጠቅመናል፤ የሠራተኛው ዋና ሥራ ወንጀለኛ ማደን አለመሆኑን ከወዲሁ ያሳየናልና።

ቀጥሎ፣ የሥራ ደረጃ ማውጣት ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ላይ የዋለው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ምዕራፍ 20 ስቴቶች የፌዴራል ገንዘብ ለዚህ አገልግሎት እንዲያውሉ በር ከፈተ። ገንዘቡ መጣ፤ «ቢያንስ ይህን ታሟላላችሁ» የሚል የጋራ ደንብ ግን አልመጣም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ፣ የራሱን ትርጉም፣ የራሱን የሠራተኛ መመዘኛ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአረጋውያን ፍትሕ ሕግ ወጣ። በ2016 የፌዴራል መንግሥት ለኤፒኤስ መመሪያ አዘጋጀ፣ በ2020 አሻሻለው፤ እሱም ቢሆን በፈቃደኝነት የሚተገበር ነበር። አስገዳጅ የሆነው የመጀመሪያው የፌዴራል ደንብ የወጣው በሜይ 2024 ነው። ስቴቶች ሙሉ በሙሉ እንዲያሟሉት የተሰጣቸው ጊዜም እስከ ሜይ 2028 ነው። ደንቡ የወጣው ገንዘቡ ከተፈቀደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። በእኔ እምነት ይህ መዘግየት የብዙ አዛውንቶችን መከራ አርዝሟል።

ደንቡ ምን ይላል? ዋና ዋናውን ብቻ ላንሳ። ኤፒኤስ ጥቆማ ቀንም ሌሊትም መቀበል አለበት፤ አንዱ መቀበያም በኢንተርኔት መሆን አለበት። ለሕይወት የሚያሰጋ፣ የማይጠገን ጉዳት የሚያስከትል ወይም ብዙ ንብረት የሚያሳጣ ጉዳይ ከሆነ ምላሹ ከ24 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ለሌላው እስከ 7 ቀን ይፈቀዳል። ሠራተኛው ጥቆማ ከተደረገላቸው ሰው ጋር መጀመሪያ ሲገናኝ መብታቸውን ይነግራቸዋል። ሞግዚት ማሾም ሌላ መንገድ ሁሉ ታይቶ ሲያልቅ የሚመጣ የመጨረሻ አማራጭ ነው።

አሁን ወደ ሠራተኛው እንምጣ። ከላይ ያነሳነው በፈቃደኝነት የሚተገበር መመሪያ ቤት ለቤት ለሚሄድ ሠራተኛ ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪን ይመክራል፤ በሶሻል ወርክ፣ በአረጋውያን ጥናት ወይም በተቀራራቢ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ቢኖረው ይመረጣል ይላል። አንድ ሠራተኛ የሚይዘው የጉዳይ ብዛት ገደብ እንዲኖረውም ያሳስባል። የተማረ ሰው ቀጥሮ ሊጨርሰው የማይችል ፋይል ማሸከም ትምህርቱን ከንቱ ያደርገዋል። ግን ዲግሪው መግቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ሕጉን፣ ማስረጃ አያያዝን፣ የመርሳት በሽታን፣ የባንክ ወረቀት ማንበብን፣ ከፖሊስና ከሐኪም ጋር መሥራትን ይሠለጥናል። ሥልጠናው ምን እንደሚለውጥ በምሳሌ እንየው።

እንበል፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት የ78 ዓመት እናት ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጎረቤት «ከስተዋል፤ ከቤትም አይወጡም» ብሎ ደወለ። ሠራተኛዋ ገብታ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አነሳች። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንደሚለው መድኃኒቱ ከፋርማሲ የወጣው የዛሬ 20 ቀን ነው፤ 30 ፍሬ፣ በቀን አንድ። ስለዚህ ዛሬ 10 ፍሬ ሊቀር ይገባል። ስትቆጥር 25 አገኘች።

ይህ ምን ይነግረናል? መድኃኒቱ በአግባቡ እየተወሰደ አለመሆኑን ብቻ። ልጁ ከለከላቸው ማለት አይደለም። ረስተው ይሆናል። አዙሯቸው ትተውት ይሆናል። ጾም ይዘው ጠዋት ምንም አልቀምስም ብለው ይሆናል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ አቅቷቸውም ይሆናል። ያልሠለጠነ ሰው ከዚያ ቤት ጥፋተኛ ይዞ ይወጣል። የሠለጠነችዋ ቁጥሩንና ቀኑን በማስታወሻዋ ጽፋ ፍሪጁን ታያለች፣ ሐኪማቸውን ትጠይቃለች፣ ጡረታቸው የሚገባበትን ሒሳብ ማን እንደሚያንቀሳቅሰው ታጣራለች። በቨርጂኒያ አንድ በደል ተፈጽሟል ለማለት ማስረጃው «አልሆነም» ከሚለው ይልቅ «ሆኗል» ወደሚለው ማመዘን አለበት፤ ጥርጣሬ ብቻ አይበቃም።

ከዚያ እናትየዋን መጠየቁ ይመጣል። ልጁ «እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እኔ ላስተርጉም» ይላል። ከልቡ ቢሆንም ሠራተኛዋ መቀበል የለባትም፤ የተጠቆመበት ሰው እሱ ሊሆን ይችላልና። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ መሥሪያ ቤት እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎቱን በሚገባቸው መንገድ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። በስልክም ቢሆን የአማርኛ አስተርጓሚ ይገኛል። አስተርጓሚው ደግሞ «እማማ፣ ልጅዎ ይበድልዎታል?» ብሎ ከጀመረ ነገሩ እዚያው አበቃ። ገበናዋን የምታወጣ እናት የለችም፤ «ልጄ ምን አደረገኝ? እሱ እኮ ነው ያመጣኝ» ይላሉ። «ውሎዎ እንዴት ነው? ቁርስ ማን ያቀርባል? የባንክ ካርድዎ የት ነው የሚቀመጠው?» ሲባሉ ግን ጨዋታው ይመጣል፤ ከጨዋታውም መሐል እውነቱ።

አሁን ከባዱ ጋ ደርሰናል። እናትየዋ ሁሉንም ሰምተው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ እርዳታ አልፈልግም» ቢሉስ? ሕፃን ቢሆን መንግሥት ይወስንለታል። አዋቂ ሰው ግን የሚያደርገውን እስካወቀ ድረስ፣ ለእኛ ስህተት የሚመስለንን ሳይቀር የመምረጥ መብት አለው። መዝገቡም «እርዳታ ያስፈልጋል፤ አልተቀበሉም» ተብሎ ሊዘጋ ይችላል። የመወሰን ችሎታቸው ካጠራጠረ ሠራተኛዋ ምልክቱን ታያለች እንጂ አትፈርድም፤ ሐኪም ይመረምራል፣ ፍርድ ቤት ይወስናል። ችሎታው ካለ ደግሞ አክብራ ትወጣለች፤ ስልኳን ትታ፣ የመድኃኒት ማስታወሻ ሣጥን ወይም ቤት ድረስ የሚመጣ ምግብ ቢፈልጉ ጠይቃ፣ «ሌላ ቀን ልምጣ?» ብላ። «እምቢ» ሲባሉ ሳይቆጡና ተስፋ ሳይቆርጡ መውጣት ከመመዘኛዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይመስለኛል፤ በዲግሪ ወረቀት ላይም አይታይም።

የቀረን የእኛ ድርሻ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለአዋቂ ሰው በክፍያ እንክብካቤ የሚሰጥ ሁሉ፣ አልፎ አልፎ እየመጣ ቤት የሚያጸዳው እንኳ፣ በደል ከጠረጠረ ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ማንዴትድ ሪፖርተር ይባላል። ማረጋገጥ የኤፒኤስ ሥራ ነው፤ ከእርስዎ የሚፈለገው በቂ ምክንያት ያለው ጥርጣሬ ነው። አሠሪ ይህን ግዴታ ሲቀጥር መንገር አለበት፤ ሠራተኛው በቀጥታ እንዳይደውል መከልከልም አይችልም። ሳያሳውቅ የቀረ ለመጀመሪያው ጊዜ እስከ 500 ዶላር ይቀጣል። በቅን ልቡና ያሳወቀ፣ ጥርጣሬው ልክ ሆኖ ባይገኝ እንኳ፣ አይከሰስም። አውቆ በሐሰት መጠቆም ግን ወንጀል ነው። ግዴታው ማን ላይ እንደሚወድቅ በሌሎች ስቴቶች ይለያያል። በቴክሳስ ማንኛውም ሰው ላይ ነው፤ በኒው ዮርክ ግን ለአዋቂዎች እንዲህ ያለ አጠቃላይ ግዴታ የለም።

ስለዚህ በሆም ኬርም ሆነ በነርሲንግ ሆም የምትሠሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ያያችሁትን ለሱፐርቫይዘር ብቻ ነግራችሁ አትተዉት። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያያችሁትን ጻፉ፤ የገመታችሁትን ከሱ ለዩ። አደጋው አሁኑኑ ከሆነ 911 ይደወላል። የቨርጂኒያ ኤፒኤስ ስልክ 1-888-832-3858 ሌሊትም ይሠራል። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደግሞ በ1-800-677-1116 ኤልደርኬር ሎኬተር ደውላችሁ የአካባቢያችሁን ኤፒኤስ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ስልኩን አትዝጉ፤ «አምሃሪክ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።