የዶርም ዋይፋይ ሲደክም ላፕቶፕን በምን ላገናኝ?

ጥያቄ፦ የ3ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የግቢው ዋይፋይ ቤተ መጻሕፍት አካባቢ ደህና ነው፤ ዶርም ስገባ ግን ምልክቱ እየታየ ገጽ አይከፍትልኝም። በስልኬ ዳታ ስጠቀም ደግሞ ፓኬጄ ቶሎ ያልቃል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፕሽ አልተበላሸም። የዋይፋይ ሞገድ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ሲያልፍ ይዳከማል፤ የቀረውንም ብዙ ተማሪ ይሻማበታል። ባለ 2.4 እና ባለ 5 ጊጋኸርዝ አማራጭ ካየሽ፣ ከራውተሩ ስትርቂ 2.4ን ምረጪ፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ይሻላል።

ይህ ካልሠራ ስልክሽን ተጠቀሚ። በሆትስፖት ፈንታ ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተሽ፣ ከስልኩ ሴቲንግ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ክፈቺ። ግንኙነቱ የተረጋጋ ይሆናል፤ ስልኩም እግረ መንገዱን ቻርጅ ያደርጋል። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ገመዶች ስላሉ፣ ገመድሽ ዳታ የሚያስተላልፍ መሆኑን አረጋግጪ። ስልኩንም ኔትወርክ በደንብ በሚይዝበት መስኮት ዳር አስቀምጪው።

ፓኬጅሽን የሚጨርሰው የምታነቢው ብቻ ሳይሆን ዊንዶውስ ከጀርባ የሚያወርደው አፕዴትም ሊሆን ይችላል። በላፕቶፑ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ የስልኩን ግንኙነት «ሜትርድ ኮኔክሽን» አድርጊው፤ አብዛኛው አፕዴት ይቆማል። ጉግል ድራይቭና ዋንድራይቭ ፋይል እንዳይጭኑም ለጊዜው አቁሚያቸው። ከባድ ፋይሎችን ጠዋት ሰው ሳይበዛ ከቤተ መጻሕፍት አውርደሽ ዶርም ውስጥ ያለ ኢንተርኔት አንብቢ።

የብሎክና የክፍል ቁጥርሽን ጠቅሰሽ ለግቢው አይሲቲ ክፍልም በጽሑፍ አመልክቺ። የክፍል ጓደኞችሽ አብረው ቢፈርሙ ጥያቄው ይበልጥ ይሰማል።