ስለ ዓሣ መርዘኛ እሾህና በሰው አካል ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ማዕበሉንና ነፋሱን መፍራት ከአባቶቹ ተምሯል። ነገር ግን በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በምጽዋና በአሰብ እንዲሁም በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ መረብ የሚጥልና መንጠቆ የሚወረውር ሰው ሊጠነቀቀው የሚገባ ሌላ ጠላት አለ። እርሱም ከክንድ የማይበልጥ ዓሣ በጀርባው የተሸከመው እሾህ ነው። ዓሣ አጥማጅ እንጀራውን የሚያገኘው በእጁና በእግሩ ነው፤ አንድ ጣት ቢደርቅበት መረቡን መሳብ ያቅተዋል፤ መረቡ ካልተሳበ ደግሞ ቤተ ሰቡ ይራባል። ስለሆነም ነገሩን አንባቢው በሚገባ ይረዳው ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ እናስረዳለን።

የእሾሁ ተፈጥሮ

ዓሣው በእሾሁ ራሱን ይከላከላል እንጂ ሰውን ፈልጎ አያጠቃም። መርዘኛው እሾህ በስስ ቆዳ የተሸፈነ ሲሆን በግራና በቀኙ ቦይ አለው፤ መርዙን የሚያመነጨውም ዕጢ በዚያ ይገኛል። ሰው እሾሁን በረገጠ ወይም በጨበጠ ጊዜ ሽፋኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መርዙም በቦዩ በኩል ወደ ቁስሉ ይፈስሳል። ስለዚህ የጉዳቱ ክብደት በገቡት እሾሆች ብዛትና በገቡበት ጥልቀት ይለያያል። ዓሣው ቢሞትም እሾሁ መርዙን ወዲያው አያጣምና፣ ሞቷል ብሎ በባዶ እጅ ማንሣት ስሕተት ነው።

ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች

አንደኛ፤ የድንጋይ ዓሣ። መልኩ ሻካራ ድንጋይ ስለሚመስል ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ዓይን አይለየውም። በጀርባው ላይ 13 ያህል እሾሆች አሉት፤ ከመርዘኛ ዓሦችም ሁሉ እጅግ አደገኛው እርሱ ነው ይባላል።

ሁለተኛ፤ የአንበሳ ዓሣ። ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ሆኖ ክንፎቹ እንደ ላባ የተዘረጉ ናቸው፤ ውበቱም ብዙ ሰው ያታልላል። ይህ ዓሣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 በተከፈተው በስዊዝ ቦይ አልፎ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ስለ ገባ፣ ዛሬ የቆጵሮስና የሊባኖስ ዓሣ አጥማጆችም ይህንኑ ትምህርት ለመማር ተገድደዋል።

ሦስተኛ፤ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ እንደ ጅራፍ ረጅም የሆነው ዓሣ ነው። በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይተኛል፤ የረገጠውንም ሰው በጅራቱ ላይ ባለው እንደ መጋዝ በተሰነጣጠቀ እሾህ ይወጋዋል። ቁስሉ መርዝ ያለበት ከመሆኑም በላይ ሥጋን ይቀድዳል። በአራዊት ፊልሞቹ የታወቀው አውስትራሊያዊው ስቲቭ ኧርዊን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የሞተው እንዲህ ያለ ዓሣ ደረቱን ወግቶት ነው።

አራተኛ፤ እንደ አምባዛ ጢም ያለው፣ በጎኑም ላይ ነጣ ያሉ መስመሮች የተሰመሩበት የባሕር ዓሣ ነው። አንድ እሾህ በጀርባው፣ ሁለት ደግሞ በደረቱ ግራና ቀኝ አሉት፤ መረብ ሲፈታ ብዙ ጊዜ እጅ የሚወጋውም በእነዚህ ነው።

ምልክቶቹ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ብርቱ ሕመም ነው፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሰዓታት ውስጥ እየበረታ ይሄዳል። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ መጀመሪያ ይገረጣል ወይም ይጠቁራል፤ ቀጥሎ ይቀላል፣ ያብጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ውሃ ይቋጥራል። መርዙ ከበረታ ሥጋው ሊሞት ይችላል። ማቅለሽለሽ፣ ማላብ፣ ራስን መሳትና የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ነገሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ነውና በሽተኛውን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያ ርዳታ

1ኛ፤ የተወጋውን ሰው ከውሃ አውጥቶ ማስቀመጥ፤ ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ መጫን።

2ኛ፤ ቁስሉን አጥቦ፣ ከላይ የሚታየውን የእሾህ ስባሪ በወረንጦ መንቀል። በደረት፣ በሆድ ወይም በአንገት የተሰካ እሾህ ግን ደምን ገድቦ ይዞ ይሆናልና ከሐኪም በቀር ማንም አይንቀለው።

3ኛ፤ የተወጋውን እጅ ወይም እግር ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር። የዓሣ መርዝ ፕሮቲን ስለሆነ፣ የዕንቁላል ውሃ በእሳት እንደሚለወጥ ሁሉ ሙቀት ኃይሉን ያዳክመዋል፤ ሕመሙንም ያስታግሳል። ነገር ግን ውሃው ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ አይገባም። የሙቀት መለኪያ ከሌለ፣ የተጎዳው ሰው ባልተወጋው እጁ አስቀድሞ ይሞክረው፤ ሌላ ሰውም ይሞክርለት። የተወጋው አካል ደንዝዞ ስለሚሆን መቃጠሉን አያውቅም፤ ከመርዝ ድኖ በፈላ ውሃ መላጥም አለ።

በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ አመድ ወይም ነጭ ጋዝ መቀባት ፈጽሞ አይገባም። እነዚህ መርዙን አያወጡም፤ በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራሉ እንጂ። ለድንጋይ ዓሣ መርዝ ከፈረስ ደም የሚዘጋጅ ማርከሻ በአውስትራሊያ ከ1959 ጀምሮ ተገኝቷል፤ የሚሰጠው ግን በሐኪም እጅ ብቻ ነው።

ዘግይቶ ስለሚመጣ ሕመም

ሕመሙ ስለ ቀረ ብቻ ነገሩ አልቋል ማለት አይደለም። በጥቂት ቀን ውስጥ ጣት ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ሆኖ ዳር ዳሩ ተለይቶ ቢያብጥ፣ ዓሣ በሚነኩ ሰዎች ላይ የሚታይ የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በፔኒሲሊን ይድናል። ከሳምንታት በኋላ የማይድን እባጭ ቢወጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ረጅም ሕክምና የሚያሻው ተሐዋሲ ወይም በውስጥ የቀረ የእሾህ ስባሪ ይኖር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ታማሚው ቀድሞ በዓሣ መወጋቱን ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ካልነገረ ሐኪሙ በሽታውን ሊስተው ይችላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አይዘንጋ።

የመከላከያ መንገድ

በውሃ ውስጥ ሲሄዱ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ማድረግ፤ ስስ ላስቲክን እሾሁ ይበሳዋል። በአሸዋማ ቦታ እግርን ሳያነሡ እየጎተቱ መሄድ፤ ያን ጊዜ ጠፍጣፋው ዓሣ ደንግጦ ይሸሻል። መረብ ሲፈቱ ወፍራም ጓንት ማጥለቅና ያልታወቀውን ዓሣ በመቆንጠጫ ማንሣት። የተቆረጠ እሾህም ሕፃናት በሚሮጡበት ዳርቻ መጣል ነውር ነው።

የየሰፈሩ ሹማምንትና የገበያ ተቆጣጣሪዎችም ድርሻ አላቸው። ጀልባ በሚቆምበት ሁሉ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ የሙቀት መለኪያና አንድ ወረንጦ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአንድ አጥማጅ እጅ ቢተርፍ ግን የአንድ ቤት ሰው ሁሉ እንጀራ ይተርፋልና፣ ይህን ያነበበ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤቱ ይንገረው።