እንዶድ፣ ክትክታ እና የላቦራቶሪው ወንፊት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ደምበጫና አካባቢዋ ላደጋችሁ ተማሪዎች እንዶድ ምንድን ነው? «የልብስ ማጠቢያ ነዋ!» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ጋቢ ሲታጠብበት አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ኬሚካል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ ወንዙ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ደግሞ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሌላው አይቶ ያለፈውን እሳቸው ላቦራቶሪ አስገቡት። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እሳቸው ፍንጭ ነበራቸው። ፍንጭ ከሌለስ? ያኔ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ብዙ ውህዶችን በአንድ ዓይነት ፈተና ማሳለፍ ማለት ነው። በዚያው በ1964 አሜሪካዊው ጀሮም ሆርዊትዝ ለካንሰር ብለው ኤዜድቲን ሠሩ፤ አልሆነም፣ ተረስቶ ቀረ። ከሃያ ዓመት በኋላ በኤች አይ ቪ ላይ ውህዶች ሲፈተኑ እንደገና ተገኘ፤ በ1987 የመጀመሪያው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ።

የእኛ ዕፅዋትም በወንፊቱ አልፈዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ቃለአብ አስረስና የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከ21 የኢትዮጵያ ዕፅዋት የተዘጋጁ 71 ጭማቂዎች ተፈትነዋል። ክትክታ ቫይረሱን ከገቱት አንዱ ነበር።

ደስ ይላል አይደል? ግን ቆይ! በረኪናም እኮ ቫይረስ ይገድላል። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፦ ቫይረሱን ገታ ወይ? የሰውን ሕዋስስ ገደለ ወይ? ግማሾቹን ሕዋሳት የሚገድለው መጠን ቫይረሱን በግማሽ ለሚገታው መጠን ይካፈላል። የመጀመሪያው 100፣ ሁለተኛው 10 ቢሆን ውጤቱ 10 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መድኃኒቱና መርዙ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ ማለት ነው። ክትክታ በኤች አይ ቪ-1 ላይ 10 እንኳ አልደረሰም። ቢደርስም ገና ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ፣ በእንስሳት ላይ ታይቶ፣ በሰው ላይ በደረጃ መሞከር ነበረበት። አብዛኛው ውህድ የሚወድቀው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

እንግዲህ ጎረቤታችሁ እትዬ እገሊት «ቅጠሉ ይበቃኛል» ብለው ኪኒናቸውን ቢተዉስ? ኪኒናው ይህን ሁሉ ወንፊት ያለፈ ነው፤ በአገራችንም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል፤ እየወሰዱ እያቆሙ ሲሆን ደግሞ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። ቅጠል የሚጠጡ ከሆነም ለጤና ባለሙያው ይንገሩ፤ አንዳንድ ዕፅዋት የኪኒናውን መጠን ከደም ውስጥ ይቀንሳሉና።